ሩጫው ወደ ቆላም ይውረድ

ይድረስ፦ ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን፣ አዲስ አበባ
ከ፦ አንድ የአትሌቲክስ ወዳጅ፣ መተማ ዮሐንስ
ጉዳዩ፦ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ልጆች በአጭርና በመካከለኛ ርቀት፣ በዝላይና በውርወራ እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ነሐሴ 17 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ድንበሩ አጠገብ ያለች አንዲት ሻይ ቤት እስከ አፍ ገደፏ ሞልታ ነበር። ሰሊጥ ሊያርሙ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮችና ከገላባት የተሻገሩ ሱዳናውያን ነጋዴዎች በአንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ዋልካው ከጫማ ጋር እየተጎተተ ገብቶ ወለሉን ጭቃ አድርጎታል። ቤጂንግ ላይ ግን መሽቶ የስታዲየሙ መብራት ቦግ ብሏል።

በዚያ ምሽት፣ በዚያው መም ላይ፣ ሁለት ነገር ሆነ። ቀነኒሳ በቀለ የ5,000 ሜትር ፍጻሜን በ12 ደቂቃ ከ57.82 ሰከንድ አሸንፎ ከ10,000 ሜትሩ ጋር ድርብ ወርቅ አጠለቀ። በ800 ሜትር ፍጻሜ ደግሞ ኢስማኢል አህመድ ኢስማኢል የተባለ ሱዳናዊ ከኬንያዊው ዊልፍሬድ ቡንጌይ ጋር እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ተናንቆ፣ በ5 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ብር አገኘ። ሱዳን ከዚያ በፊት በኦሊምፒክ አንድም ሜዳሊያ አልነበራትም። ሻይ ቤቷ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ሱዳናዊውን አቀፈ፤ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የቤቱን ሁሉ ሻይ ከፈሉ። ከድልድዩ ማዶ የመኪና ጡሩምባ ይሰማ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ያን ቀን ወንበር አጥቶ ከኋላ ቆሞ ነበር የሚያየው። በሩጫ ፍቅር የተያዘው ከዚያ በፊት ነው፤ የሲድኒውን የኃይሌንና የቴርጋትን ትንቅንቅ እንደ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲያስታውሰው ዛሬም እጁ ይርዳል። የቤጂንጉ ምሽት ግን ደስታውን ብቻ ሳይሆን አንድ ጥያቄም ትቶለት ሄደ። መተማና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ሸለቆና አንድ ድልድይ ነው። ፀሐዩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ የሚበላው የማሽላ ገንፎም አንድ ነው። ከዚያ ወገን ያለው ቆላ በ800 ሜትር በዓለም ሁለተኛ የሆነ ሰው ካፈራ፣ ከዚህ ወገን ያለው ልጅ የት ገባ?

(ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውድድር ዓመቶች ውድድሮቹ በሚታወቁበት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው እየዋለ እያደረ ከበደ። ኢስማኢል ብቻውን አልነበረም። የአገሩ ልጅ አቡበከር ካኪ በዚያው በ2008 ኦስሎ ላይ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ ሮጦ የዓለም የወጣቶች ክብረ ወሰን ሲይዝ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በ2008 ቫሌንሲያ፣ በ2010 ደግሞ ዶሃ ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ሆነ። የተወለደው ኮርዶፋን ውስጥ ሙግላድ በምትባል ከተማ ነው፤ ምድሩ ዝርግ፣ ፀሐዩ የሚለበልብ፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት አገር ነው። የመተማ ገበሬ ቢወስዱት ዓይኑን ጨፍኖ የሚያርሰው መሬት ማለት ነው።

ፌዴሬሽኑ ይህን ቆላ በካርታ ያውቀዋል። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ ተጓዥ ግን በሰውነቱ ያውቀዋል። ጎንደር ላይ የደረበውን ጋቢ ከአይከል በታች ያጥፈዋል፤ ገንዳ ውኃ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወርዶ መተማ ዮሐንስ ሲገባ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የዕጣን ዛፍና ሽመል የሚበቅልበት፣ ጓንግና ሽንፋ የሚፈሱበት፣ አማራው፣ ጉሙዙ፣ ቅማንቱና ለአንድ ክረምት ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረው ሁሉ አብሮ የሚኖርበት ምድር ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት እዚህ ስለሆነ ከተማዋ ስማቸውን ይዛለች፤ አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ የቋራ ልጅ ናቸው። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ቆላ ቦታ አለው። በአትሌቲክስ ዜና ላይ ግን ስሙ ሲጠራ ጸሐፊው ሰምቶ አያውቅም።

ሩጫ እዚህ የለም ማለት ግን አይደለም። የሰሊጥ አጨዳ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ካልታጨደ የፍሬው መያዣ ደርቆ ይከፈትና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሜዳው ሁሉ ጥድፊያ ነው። አጫጆች በረድፍ ገብተው ያጭዳሉ፣ ያስራሉ፤ ነዶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይደርቃል። ሲደርቅ ሸራ ተዘርግቶ ነዶው እየተገለበጠ ይራገፋል። ነዶውን ከክምሩ ወደ ሸራው የሚያመላልሱት ብዙውን ጊዜ ጎረምሶች ናቸው። ጸሐፊው ቆሞ የሚያየው እነሱን ነው። ነዶው ካዘመመ ፍሬው ይፈሳል፤ ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ጫፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ትከሻውን ሳያወዛውዝ በፈጣን አጭር እርምጃ ይበራል። ጭንቅላቱ አይነቃነቅም። ባዶ እጁን ሲመለስ ደግሞ ቀጣዩን ነዶ ለመቅደም ከጓደኛው ጋር ይሽቀዳደማል፤ 60፣ 70 ሜትር በሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ሸክም፣ እንደገና 60፣ 70 ሜትር። ከጠዋት እስከ ፀሐይ መክረሪያ ድረስ ይህን ይመላለሳል። አሰልጣኞች በየሜዳው ወጣቱን አሰልፈው የሚያሠሩት የፍጥነት ልምምድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኢትዮጵያ የረጅም ርቀት አገር ናት ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ወደ ዓለም አደባባይ የወጣችው በፍጥነት ሯጮችም ጭምር መሆኑ ተረስቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከቡድኑ አባላት አንዱ 100 ሜትር የሮጠው ንጉሤ ሮባ ነበር። በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኖ እነ ምሩጽ ይፍጠርን ያሠለጠነው ይኸው የአጭር ርቀት ሯጭ ነው። ማሞ ወልዴም በሜልቦርን የተሰለፈው በ800፣ በ1,500 ሜትርና በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ነበር፤ ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ አመጣ። ምሩጽን «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው በሞስኮ የመጨረሻው ዙር ላይ የሆነው ነገር ነው። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ከ25 ዙር በኋላ ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። አገር ያስጮኸው የመጨረሻው 100 ሜትር ነው፤ 100 ሜትር ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው፣ አስተማሪም ይፈልጋል።

ያ ትምህርት ሲጎድል ምን እንደሚሆን በ2025 ቶኪዮ ላይ ታየ። ኢትዮጵያ ከዓለም ሻምፒዮናው ያለ አንድ ወርቅ ተመለሰች። ከሁሉ ይበልጥ ያንገበገበው ሽንፈቱ የደረሰበት ቦታ ነው። በወንዶች 10,000 ሜትር ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር ዮሚፍ ቀጀልቻን በ6 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። በሴቶች ማራቶን ትዕግስት አሰፋ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ስታዲየም ውስጥ በፔሬስ ጄፕቺርቺር በ2 ሰከንድ ተቀደመች። ሁለቱም በጽናት አልተበለጡም፤ እስከ መጨረሻው ቀጥታ መስመር ድረስ ከማንም እኩል ነበሩ። ጸሐፊው ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም።

ወደ ፍጥነት የሚያሳዩ ምልክቶች ግን በአገር ውስጥ አሉ። መሐመድ አማን ዴቪድ ሩዲሻን በ2011 ሚላን፣ በ2012 ደግሞ ዙሪክ ላይ አሸንፎታል፤ በ2013 ሞስኮ ላይ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ጽጌ ዱጉማ በ2024 ፓሪስ ላይ በ800 ሜትር 1 ደቂቃ ከ57.15 ሰከንድ ገብታ ብር ወሰደች። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ካገኘችባቸው ርቀቶች ሁሉ አጭሩ ይህ ነው። ጽጌ ወደ 800 ከመምጣቷ በፊት የ400 ሜትር ሯጭ ነበረች። ትዕግስት አሰፋም በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ ዓለምን ከማስደነቋ ከዓመታት በፊት፣ በ2016 ሪዮ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነው። አጭር ርቀት የሚሮጥ ልጅ ለረጅሙ አይጠፋም፤ ወደ ላይ ማደግ ይችላል። ከላይ ወደ ታች መምጣት ነው የሚከብደው።

ከአገር ወጥተን እንይ። ጂቡቲ በባሕር ጠርዝ ያለች የሙቀት አገር ናት፤ ሁሴን አህመድ ሳላህ በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን ነሐስ አምጥቶላታል። መሐመድ አማን ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ ሦስተኛ ሆኖ የገባው አያንለህ ሱሌይማን የጂቡቲ ልጅ ነው። ቦትስዋና ደግሞ የሕዝቧ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚያንስ፣ አብዛኛው ምድሯ ደረቅ የሆነ አገር ናት። ሌትሲሌ ቴቦጎ በፓሪስ 200 ሜትርን በ19.46 ሰከንድ አሸንፎ የአገሩን የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ አመጣ፤ በዓመቱ በቶኪዮ ቦትስዋና የወንዶች 4 በ400 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እነዚህ አገሮች በከፍታ አልታደሉም። ያላቸውን መሬትና ያላቸውን ልጅ ግን አይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መስተካከል አለበት። ጸሐፊው «የቆላ ሰው ለፍጥነት፣ የደጋ ሰው ለጽናት ተፈጠረ» ከሚሉት ወገን አይደለም። እንዲህ ያለው ወሬ ሰውን እንደ ከብት በዝርያ የሚመድብ ነው፤ መሐመድ አማን ራሱ የአሰላ ልጅ መሆኑም ያፈርሰዋል። ከፍታ በእርግጥ ይረዳል፤ ደምና ሳንባ ይለመዳል። ነገር ግን በቆጂን በቆጂ ያደረጋት ከፍታዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደባርቅም ደብረ ታቦርም ያን ያህል ጀግና ባፈሩ ነበር። በቆጂ ላይ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረ። በየማለዳው ልጆችን ሜዳ ላይ ሰብስቦ እግራቸውን ያይ ነበር። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በዚያ ሰው ዓይን ሥር አልፈዋል። የሚያይ ዓይን ያለበት ቦታ ተሰጥኦው ይገኛል። መተማ የጎደላት ይህ ዓይን ነው።

ዓይን በሌለበት ሰው የሚችለውን ያደርጋል። ጸሐፊው 50 ሜትር የሚሆን የናይለን ገመድ አለው፤ ሰሊጥ የጫነ መኪና ሲታሰርበት የኖረ ገመድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጠጠር የበዛበትን መሬት መርጦ ገመዱን ስምንት ጊዜ ይዘረጋል፤ ጥጉን በአመድ ምልክት ያደርጋል። ዋልካው ላይ አይሞከርም፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ጫማ ያወልቃል። ለርዝመት ዝላይ ከወንዝ አሸዋ ተግዟል። ለከፍታ ዝላይ ሁለት ባላ ተተክሎ በላዩ ሽመል ይጋደማል፤ ማረፊያው ጭድ የታጨቀበት የሰሊጥ ጆንያ ነው። ሽመሉ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ልጆቹ ከሩቅ ይለዩታል።

ከሚመጡት መካከል አንዲት የ15 ዓመት ገደማ ልጅ አለች። ቢጫ ጀሪካኗን ውኃ ሞልታ ቤት አድርሳ ነው የምትመጣው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ጫማ አታደርግም። ጣቶቿን ጠጠሩ ላይ ተክላ ስትነሳ መጀመሪያ የሚታየው ጉልበቷ ነው፤ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ተረከዟ መሬት ሳይነካ ጣቶቿ ብቻ ጠጠሩን እየረገጡ ያልፋሉ። ብዙ ልጆች 300 ሜትር ላይ ሲደርሱ አንገታቸው ይገተራል፣ ክንዳቸው ወደ ጎን ይበተናል። እሷ ላይ ይህ ሲሆን አልታየም። ጸሐፊው ስልኩን አቁሞ ሰዓቱን ሁለቴ ያያል። ቁጥሩን እዚህ አይጽፈውም፤ በገመድ የተለካ ርቀትና በስልክ የተያዘ ሰዓት ለፌዴሬሽን የሚቀርብ ማስረጃ እንዳልሆነ ያውቃል። የሚለምነው የሚታመን ሰዓት የያዘ ሰው መጥቶ እንዲይዝላት ነው።

አንድ ጊዜ ሞክሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ልጆችን ይዞ ደጋ ላይ ወደተዘጋጀ አንድ ውድድር ሄደ፤ ቦታውም አዘጋጁም እዚህ አይጠቀሱም። አውቶቡሱ መንገድ ላይ አድሮ ውድድሩ በሚጀመርበት ጠዋት ነው የደረሱት። ልጅቷ የተመዘገበችው በ400 ሜትር ነበር። በቂ ተወዳዳሪ ስላልቀረበ 400 ሜትሩ መሰረዙን፣ ከፈለገች 3,000 ሜትር መሮጥ እንደምትችል ተነገራቸው። ያን ያህል መንገድ መጥታ ሳትሮጥ መመለስ አልሆነላትም፤ ሮጠች። ያልለመደችው ከፍታ ላይ፣ ያልተለማመደችውን ርቀት፣ በተውሶ ጫማ። በአራተኛው ዙር ደረቷን ይዛ ነበር፤ ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባች። ሲመለሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እስከ አይከል አልተናገረችም። ከዚያ ቁልቁለቱ ሲጀመር ዘወር ብላ፣ «ጋሼ፣ የኔ ሩጫ የለም ማለት ነው?» አለች።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላልነበረው ነው።

ፌዴሬሽኑ ለልጅቷ ብሎ ባይመጣ እንኳ ለራሱ ብሎ የሚመጣበት ምክንያት አለ፤ እሱም ሙቀት ነው። በ2019 ዶሃ ላይ የሴቶች ማራቶን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ሲጀመር ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱም ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68 ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ። ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴ፣ ሦስቱም ኢትዮጵያውያን፣ ካቋረጡት መካከል ነበሩ። ከቀናት በኋላ በዚያው ከተማ ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው ወርቅና ብር ማምጣታቸው ሙቀት የማይሻገሩት ግድግዳ እንዳልሆነ ያሳያል። በ2021 ግን የቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን ሙቀት ሽሽት ወደ ሳፖሮ ተዛውሮ እንኳ ሹራ ቂጣታ፣ ሲሳይ ለማና ሌሊሳ ራሱ ውድድሩን መጨረስ አልቻሉም። ሦስት ጀግኖች፣ አንድም ገቢ የለም። ያን ማለዳ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው የተሰማውን ለመግለጽ ቃል ያጥረዋል።

ሰውነት ሙቀትን በአሥር፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መልመድ ይጀምራል። ላብ ቶሎ ይወጣል፣ የደም ፈሳሽ ይጨምራል፣ ልብ በተመሳሳይ ፍጥነት ላይ ዝግ ብሎ ይመታል። ሌሎች አገሮች ለዚህ ሲሉ የሚሞቅ ክፍል ሠርተው አትሌቶቻቸውን መሮጫ ማሽን ላይ ያስሮጣሉ። ኢትዮጵያ ግን ከእንጦጦና ከሰንዳፋ ብርድ ጋር ገንዳ ውኃን የመሰለ ቆላ በአንድ አገር ውስጥ አላት። የ2027 የዓለም ሻምፒዮና ቤጂንግ፣ የ2028 ኦሊምፒክ ሎስ አንጀለስ ላይ ነው፤ ኦሊምፒኩ በሐምሌ ወር፣ በበጋቸው መሐል ይሆናል። ለማራቶንና ለእርምጃ ውድድር የተመረጡ አትሌቶች ከጉዟቸው በፊት ሁለት ሳምንት ቆላ ቢከርሙ፣ ከፌዴሬሽኑ ሐኪሞች አንዱ ክብደታቸውንና የሚጠጡትን እየመዘገበ ቢከታተላቸው፣ ዋጋው ከአንድ የውጭ አገር ልምምድ ጉዞ ያነሰ ነው።

ጸሐፊው በቢሮ ውስጥ ሊነሳ የሚችለውን መልስ አስቀድሞ ያውቀዋል። ወባ አለ። አዎ፣ አለ፤ ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይብሳል፣ አጎበርና መድኃኒት ይፈልጋል፤ ቃላ አዛርም እንዲሁ የዚህ ቆላ በሽታ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ቡድን በደረቁ ወራት ይምጣ፣ የሚያድርበት ቤት አስቀድሞ ይታይ። ጸጥታው ሌላው ነው። በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አንዳንድ ጊዜ ይዘጋዋል፤ ይህን መደበቅ ለማንም አይጠቅምም። መንገዱ ሲዘጋ ግን የሚቀረው የፌዴሬሽኑ መኪና ብቻ አይደለም፤ ልጆቹም ወደ ደጋው ውድድር መውጣት ያቆማሉ። ውድድሩ ወደ እነሱ እንዲወርድ የሚጠየቀው አንዱም ለዚህ ነው። በጀትን በተመለከተ፣ የሚፈለገው የተነጠፈ መም አይደለም። ደልዳላ መሬት፣ በትክክለኛ ሜትር የተለካ 400 ሜትር፣ አንድ የአጭር ርቀትና የዝላይ አሰልጣኝ፣ ሁለት ሦስት የሰዓት መያዣ።

ድልድዩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ቢታለፍ ነውር ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ገብቷል። በቤጂንጉ ምሽት የጡሩምባ ድምፅ ይመጣበት ከነበረው ማዶ፣ እናቶች ልጅ በጀርባ፣ ፌስታል በእጅ ይዘው ሲሻገሩ ጸሐፊው በዓይኑ አይቷል። ከልጆቹ መካከል ቅዳሜ ጠዋት ገመዱ ወዳለበት የመጡም ነበሩ። በአረብኛ ይቆጥራሉ፣ በአማርኛ ይሳሳቃሉ፣ መነሻው ላይ ሲሰለፉ ግን ሁሉም ዝም ይላል። በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም ከሮጡት መካከል ሁለቱ የሱዳን ተወላጆች ነበሩ፤ ሙሳ ሱሌይማን በ800 ሜትር፣ ጃማል አብደልማጂ ኢሳ መሐመድ በ10,000 ሜትር። ጃማል በሪሁ አረጋዊ ብር ባገኘበት በዚያው ፍጻሜ ላይ ነው የተሰለፈው። የድንበር ከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ የሚገባው ነገር አለ። ሜዳ ተዘጋጅቶ ቢሆን ለእነዚያም ልጆች ቦታ ይኖረው ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው። ፌዴሬሽኑ ከክልሉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንና ከዞኑ ጋር ተመካክሮ፣ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ገንዳ ውኃ ላይ የአንድ ሳምንት የምልመላ ውድድር ያዘጋጅ። ያን ጊዜ ሰሊጡ ተሽጧል፣ ሠራተኛው በእጁ ገንዘብ አለው፣ ወባው ቀንሷል፣ ማለዳውም ለሩጫ ይመቻል። ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከምዕራብ አርማጭሆ ልጆች ይምጡ። ውድድሩም ከ100 እስከ 800 ሜትር፣ ርዝመትና ከፍታ ዝላይ፣ አሎሎና ጦር ውርወራ ይሁን፤ አምስት ሺህና አሥር ሺህ አይጨመርበት፣ እነሱ በሌላ ቦታ ሁሉ አሉ። አንድም ሰው ካልተገኘ ጸሐፊው ስህተቱን ይቀበላል። ከተገኘ ግን የተገኘው ልጅ ወደ ማሠልጠኛ ሲሄድ «ረጅም ርቀት ካልሆነ ቦታ የለንም» እንዳይባል ከወዲሁ ቃል ይገባለት።

ፌዴሬሽኑን ዛሬ የሚመሩት ስለሺ ስህን በአቴንስም በቤጂንግም በ10,000 ሜትር ብር ያመጡ፣ ከቀነኒሳ ጋር ተጋግዘው የሮጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት ደራርቱና ኃይሌ ናቸው። ሦስቱም የመጨረሻው ዙር ምን እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ ያውቃሉና ጸሐፊው ይህን ለማስረዳት ብዙ አይደክምም።

ልጅቷ ዘንድሮም ትመጣለች። ቁመቷ ጨምሯል፤ ሽመሉን አንድ ጋት ከፍ አድርገውላታል። ገመዱ በመጋዘኑ በር ጀርባ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ መሐሉ ላይ ተበጥሶ የተቋጠረበት ስላለ ርዝመቱ ትንሽ አጥሯል፣ እሱም በሚመጣው ሰው ሜትር ይታረማል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይዘረጋል።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል አትሌቲክስ ፌዴሬሽን፣ ባሕር ዳር
ለምዕራብ ጎንደር ዞን የስፖርት ሥራ ኃላፊዎች፣ ገንዳ ውኃ